ከግማሹ በላይ አዲስ የሆነ ቡድን፦ የዋሽንግተን ኮማንደርስ የ2024 ሲዝን

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የዋሽንግተን ኮማንደርስ የ2024 ሲዝን ከአምስት ኮከብ አራት ይገባዋል። የጎደለችው አንዷ ኮከብ የት እንደሄደች ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖቼ ነው፤ ልጆቻችሁ "ስታዲየም ውሰዱን" እያሉ እያስቸገሯችሁ፣ ትኬቱ ዋጋውን ያወጣል ወይስ አያወጣም ብላችሁ ለምታመነቱ። "በእኛ" ካላልኩ በቀር ዓመቶቹንም፣ ቀኖቹንም፣ ሰዓቶቹንም የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሥራዬ በአንድ ሆስፒታል የነርሶችን ፈረቃ መደልደል ነው። ፉትቦሉን ያስለመደኝ ልጄ ነው፤ ባለቤቴ ዛሬም ልቡ ከጊዮርጊስ ጋር ቢሆንም እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚስበኝ ሮስተሩ ነው፤ ማለትም የ53ቱ ተጫዋቾች ዝርዝር። የአንድ ዋርድ ግማሽ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ዋርዱን የሚያተርፈው በጣም ጎበዙ አዲስ ነርስ አይደለም፤ ከጎኑ ማንን እንዳቆማችሁለት ነው። ይህን ቡድንም የገመገምኩት በዚሁ ዓይን ነው።

በቅድሚያ ምን ዓይነት ቤት እንደነበረ እወቁ። ዳን ስናይደር ከ1999 እስከ 2023 የያዘው ቡድን ነው። በ2020 የድሮ ስሙን ጣለ፣ ሁለት ሲዝን ያለ ቅጽል ስም "ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም" ተብሎ ቆየ፣ በ2022 ኮማንደርስ ሆነ። በሐምሌ 2023 የጆሽ ሃሪስ ቡድን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ የቅርጫት ኳሱ ማጂክ ጆንሰንም ከገዢዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ግን ሜዳ ላይ የታየው 4 ማሸነፍና 13 መሸነፍ ነበር። ሲዝኑ ሳያልቅ ሞንቴዝ ስዌትን ለቺካጎ፣ ቼዝ ያንግን ለሳን ፍራንሲስኮ ሰጥተው የድራፍት ዕጣ ተቀበሉ፤ ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ነው። አሰልጣኝ ሮን ሪቬራም ተሰናበተ። የአካባቢያችን ሰው ብዙው ተስፋ የቆረጠበት፣ ማሊያውን ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈበት ጊዜ ነበር።

በጥር 2024 አዳም ፒተርስ ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ መጥቶ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ቀጥሎ ዳን ክዊን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ፤ የማጥቃቱን ክፍል ክሊፍ ኪንግስበሪ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እያንዳንዱ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ያለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ቡድኖች "እየታደስን ነው" ይላሉ፣ ሲታደሱ ግን የሚያደርጉት መሸጥ ብቻ ነው። ደህናውን ሁሉ ይሸጣሉ፣ ልጅ ይሰበስባሉ፣ ተመልካቹን "ሦስት ዓመት ታገሡ" ይሉታል። ትኬቱ ግን በሙሉ ዋጋ ይሸጣል። እነዚህ እንደዚያ አላደረጉም።

የወጡትን ልቁጠር። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው) ሳም ሃወል ወደ ሲያትል ተላከ። ቻርልስ ሌኖና ሎጋን ቶማስ ተሰናበቱ። ኬንዳል ፉለር፣ ከርቲስ ሳሙኤልና ካምረን ከርል ውላቸው ሲያልቅ ሌላ ቤት ሄዱ። ከዚያም ደፍሮ የሚያደርገው ሥራ አስኪያጅ ጥቂት የሆነው ነገር መጣ፦ የቀድሞው አስተዳደር በመጀመሪያ ዙር ድራፍት የመረጣቸው ሦስት ልጆች በአንድ ሲዝን ውስጥ ከቤት ወጡ። ጃሃን ዶትሰን በነሐሴ ለፊላደልፊያ ተሰጠ፣ ጄሚን ዴቪስ በጥቅምት ተለቀቀ፣ ኢማኑኤል ፎርብስ ደግሞ በኅዳር መጨረሻ። የ2021፣ የ2022 እና የ2023 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ማለት ናቸው። ሰው ለመረጠው ነገር ይሳሳል፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን የመረጣቸው እሱ ስላልነበር ያየው ሜዳ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዶትሰን በሄደበት ቤት የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የዋንጫ ግጥሚያ፣ ቀለበት አጠለቀ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

የገቡት ከሃያ በላይ ነፃ (ከሌላ ቡድን ጋር ውል የሌላቸው) ተጫዋቾች ናቸው። በዚያ ዓመት የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ ከሊጉ ሰፊ ክፍት ቦታ ከነበራቸው ቡድኖች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ አንድ ሁለት ትልልቅ ስም ላይ ማፍሰስ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ዘርዝረው ብዙ ሰው ላይ አዋሉት፤ ብዙዎቹንም የወሰዱት በአጭር ውል ነው።

እስቲ ስሞቹን ተመልከቱ። ቦቢ ዋግነር 34 ዓመቱ ነበር፤ ሲያትል ሳለ ሱፐር ቦውል ያነሣ፣ በዚያን ጊዜ የመከላከሉ አሠልጣኝ ደግሞ ዳን ክዊን የነበረ ሰው ነው። ዛክ ኤርትዝም ወደ 34 እየተጠጋ ነበር፤ ፊላደልፊያ ሻምፒዮን ስትሆን የማሸነፊያውን ታችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመሩ አሳልፎ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) የያዘ፣ በኋላ አሪዞና ውስጥ ከኪንግስበሪ ጋር የሠራ ታይት ኤንድ፣ ማለትም ማገድም ኳስ መቀበልም የሚሠራ ተጫዋች። ዶራንስ አርምስትሮንግ፣ ዳንቴ ፋውለርና ሴንተሩ ታይለር ቢያዳሽ ክዊን ከነበረበት ከዳላስ መጡ። ኒክ አሌግሬቲ ከካንሳስ ሲቲ ሦስት ቀለበት ይዞ መጣ። ፍራንኪ ሉቩ፣ ጄረሚ ቺን፣ ኦስቲን ኤክለር። ተጠባባቂው ኳርተርባክ ማርከስ ማሪዮታ በ2015 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ ያን ሸክም የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

እነዚህን የሚያገናኛቸው ክር ግልጽ ነው፤ አብዛኞቹ አሰልጣኞቹን ከዚህ በፊት ያውቃሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ "እዚህ ቤት እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ የሚጠይቀው አለቃውን አይደለም፣ አጠገቡ ያለውን ነው። ክዊን መልሱን የሚያውቁ ሰዎች በየመስመሩ አስቀመጠ። መከላከሉ ላይ ዋግነር፣ የማጥቃቱ መስመር መሐል ላይ ቢያዳሽ፣ ሪሲቨሮቹ (ኳስ ተቀባዮቹ) ዘንድ ኤርትዝ። ከድሮዎቹም ቴሪ ማክሎሪንን አልነኩትም። ከ2019 ጀምሮ እዚህ ያለ፣ ወደ አሥር የሚጠጉ ኳርተርባኮች ኳስ የወረወሩለት፣ አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር ያልሰማሁት ሰው ነው። በ2024 አሥራ ሦስት ታችዳውን አስቆጠረ። ለልጄ ማሊያ ስገዛ የገዛሁት የእሱን 17 ቁጥር ነው፤ ልጄ የፈለገው 5 ቁጥር ቢሆንም።

አምስት ቁጥሩ ጄይደን ዳንኤልስ ነው። በድራፍቱ ሁለተኛ ሆኖ ከኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተመረጠ፤ የአራት ዓመት ውሉ ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለእኛ ሰማይ ነው፣ ለኳርተርባክ ግን ርካሽ፤ ያ ሁሉ ነባር ተጫዋች የተገዛውም በዚህ ልዩነት ነው። ገና ሳይነጋ ልምምድ ቦታ ደርሶ ከጓደኞቹ ጋር የዕለቱን አካሄድ በእግር እየተራመደ የሚለማመድ ልጅ መሆኑን ሁሉም መሰከረለት። በሲዝኑ 3,568 ያርድ ወረወረ፣ 25 ታችዳውን አቀበለ፣ በእግሩ ደግሞ 891 ያርድ ሮጠ። የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ጀማሪ ተባለ፤ ይገባዋል። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የማደንቅለት ሌላ ነው፦ ኳሱን ሳይወረውር በፊት ፊቱ አይለወጥም። በቢኖክዮላር አይቼዋለሁ፤ ሦስት ሰው ሲመጣበትም አንድ ሰው ሲመጣበትም ያው ነው።

ከድራፍቱ ሌላም ሰው ልብ በሉልኝ። ማይክ ሴይንሪስቲል ሄይቲ ተወልዶ በልጅነቱ ማሳቹሴትስ የገባ ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሪሲቨር ሆኖ ገብቶ በኋላ ወደ ኮርነርባክ፣ ማለትም ሪሲቨሮችን ወደሚከላከለው ቦታ፣ ተዛወረ። ቁመቱ አጭር ነው፤ በ50ኛ ቁጥር የተመረጠውም በዚያ ይመስለኛል። ሠርቶ መለወጥ ምን እንደሚመስል ለልጆቼ ማሳየት ስፈልግ የማሳየው እሱን ነው።

አሁን ወደ ግጥሚያዎቹ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ቡድኑ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳዩትን ብቻ።

መክፈቻው ታምፓ ላይ 37 ለ 20 ሽንፈት ነበር፤ ኳስ መቺውም ሁለት ሳተ። በሳምንቱ ውስጥ እሱን አሰናብተው ኦስቲን ሳይበርትን ቀጠሩ። ሳይበርት ጃያንትስ ላይ ሰባት ፊልድ ጎል (ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ የእግር ምት) መታ፣ ሰባቱንም አገባ፤ 21 ለ 18። የዋሽንግተን ነጥብ በሙሉ በዚያ ሳምንት ከተቀጠረ ሰው እግር የወጣ ነበር። ከዚያ ሲንሲናቲ 38 ለ 33፣ አሪዞና 42 ለ 14፣ ክሊቭላንድ 34 ለ 13። ሰዉ ማሊያውን ከቁም ሣጥን ማውጣት ጀመረ። ካሮላይና ላይ ዳንኤልስ ገና ከመጀመሩ የጎድን አጥንቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ማሪዮታ ገባና 40 ለ 7 አሸነፉ። ተጠባባቂ ላይ ለምን ገንዘብ ይወጣል ለሚል ሰው መልሱ ያ ቀን ነው።

ጥቅምት 27 ቺካጎ መጣ። ይህን ግጥሚያ ቀረብ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ውርወራ ብቻ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ግን ማንም አያነሣውም። ዋሽንግተን በሳይበርት አራት ፊልድ ጎሎች 12 ለ 7 እየመራ ነበር። ሊያልቅ 25 ሰከንድ ሲቀረው ቺካጎ ታችዳውን አገባ፣ ሁለት ነጥብም ጨመረ፤ 15 ለ 12። ከእኛ ረድፍ ጃኬቱን እየለበሰ የወጣ ብዙ ነው። ባለቤቴም ተነሥቶ ነበር፣ ልጄ እጁን ይዞ አስቀመጠው። ሰዓቱ እያለቀ ሳለ ዳንኤልስ ለማክሎሪን ወደ መስመሩ ዳር አጭር ኳስ ሰጠው፤ 13 ያርድ ይዞ ከሜዳ ወጣ። የቺካጎ ተከላካዮች እዚያ ጥግ አልቆሙም፣ ዝም ብለው ለቀቁለት። ያለዚያች 13 ያርድ ክንዱ እዚያ አይደርስም ነበር። ሁለት ሰከንድ ቀረ።

ዳንኤልስ ኳሱን ከያዘ በኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሮጠ ወደ 13 ሰከንድ ቆየ። የጎድን አጥንቱ ገና ያልዳነ ልጅ ነው። በፉትቦል ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ 13 ሰከንድ ተሰምቶም አይታወቅ። እኔ ያኔ እሱን አላይም ነበር፤ የማየው የፊቱን መስመር ነበር። እነዚያ ከባድ ሰዎች፣ ቢያዳሽን ጨምሮ፣ ዳንኤልስ ዞር ባለ ቁጥር አብረውት እየዞሩ፣ ያለቀ የመሰለውን ማገድ እንደገና እየጀመሩ፣ አንዱን ጥለው ሌላውን ሲይዙ ነበር። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ጩኸቱ ቆመ። ከጎል መስመሩ ፊት ለፊት በተሰበሰበው ሰው ራስ ላይ ተነካና ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ እዚያ ኖዋ ብራውን ብቻውን ቆሞ ነበር። ታችዳውን። 18 ለ 15።

ኖዋ ብራውን ማነው? በነሐሴ መጨረሻ ሂውስተን ያሰናበተው፣ ሲዝኑ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚህ የፈረመ ሰው ነው። ድሮ ዳላስ ተጫውቷል፤ ክዊን እዚያ ያውቀዋል። የዓመቱ ታላቅ ኳስ የገባው በሮስተሩ መጨረሻ በተጻፈ ሰው እጅ ነው።

በኅዳር ሦስት ተከታታይ ሽንፈት መጣ፦ ፒትስበርግ፣ ፊላደልፊያ፣ ዳላስ። የዳላሱ ቀን ኅዳር 15 በእኛ አቆጣጠር፣ ጾመ ነቢያት የገባበት እሁድ ነበር። ሊያልቅ 21 ሰከንድ ሲቀረው ማክሎሪን 86 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረች፣ ለእኩልነት። ሳይበርት ሳታት። ከዚያም ዋሽንግተን ኳሱን መልሶ ለመያዝ የመታውን አጭር ምት ዳላስ ይዞ ሮጦ አገባ፤ 34 ለ 26። የድሮው ቤት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይፈርስ ነበር፤ ሁሉም በሁሉም ላይ ጣቱን ይቀስር ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ቴኔሲን 42 ለ 19 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የመደበኛውን ሲዝን አንድም አልተሸነፉም።

ታኅሣሥ 22 ፊላደልፊያ ተመልሶ መጣ። ዳንኤልስ አምስት ታችዳውን አቀበለ፤ የመጨረሻውን ስድስት ሰከንድ ሲቀር የያዘው ጄሚሰን ክራውደር ነው፣ 36 ለ 33። ክራውደር ከ2015 እስከ 2018 እዚሁ ቡድን የነበረ፣ ዞሮ ዞሮ የተመለሰ፣ በዚያ ሲዝን ለብዙ ሳምንት ተጎድቶ የተቀመጠ ሰው ነው። በሳምንቱ አትላንታን በተጨማሪ ሰዓት 30 ለ 24 ሲያሸንፉ ደግሞ የመጨረሻውን ኳስ ኤርትዝ ያዘ። የመጨረሻው ሳምንት ዳላስ ላይ ሦስት ሰከንድ ሲቀር ከማሪዮታ ወደ ማክሎሪን። ልብ በሉ፣ የሚያሸንፍላቸው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየራል። 12 አሸንፈው 5 ተሸነፉ፤ ከዓመት በፊት 4 ለ 13 የነበሩት።

ፕሌይ ኦፉን፣ ማለትም ከመደበኛው ሲዝን በኋላ የሚመጣውን ጥሎ ማለፍ፣ ቤታችን ነው ያየነው። ታምፓን 23 ለ 20 ረቱ፤ የሌላው ኳስ መቺ የዜን ጎንዛሌዝ የመጨረሻ ምት ምሰሶውን መትታ ገባች። ቡድኑ በፕሌይ ኦፍ ካሸነፈ ከጥር 2006 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የዲትሮይቱ ግጥሚያ ጥር 18 ቅዳሜ ማታ ነበር፤ የከተራ ዕለት። ነጠላችንን እንዳጣፋን፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ፣ ጎረቤት ሁሉ ሳሎናችን ተጨናንቆ አየነው። ዲትሮይት 15 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ፣ በሜዳው የሚጫወት ቡድን ነበር። 45 ለ 31 አሸነፉት። ሴይንሪስቲል ሁለት ኳስ ነጠቀ። ፉትቦል ገብቷቸው የማያውቅ አክስቴ ከዚያ ማታ ጀምሮ "ያ አጭሩ ልጅ ይጫወታል?" እያሉ ይጠይቁኛል።

ለሱፐር ቦውል አንድ ግጥሚያ ሲቀር ፊላደልፊያ 55 ለ 23 አሸነፋቸው። ሳኩዋን ባርክሊ በቡድኑ የመጀመሪያ ሙከራ 60 ያርድ ሮጦ አገባ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ ከእጃቸው እየወደቀ ራሳቸውን ጎዱ። ያን ቀን የታየው ጉድለት እውነተኛ ነው፤ በመከላከሉ የፊት መስመር ላይ ጉልበት አልነበረም፤ በአጭር ውል የተሞላ ቀዳዳ በፊላደልፊያ ዓይነት ቡድን ፊት ይገለጣል። ሌላም የማይጥመኝ ነገር አለ። በኅዳር ማርሾን ላቲሞርን ከኒው ኦርሊንስ ለማምጣት የሦስተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር የድራፍት ዕጣ ሰጡ። ተጎድቶ መጣ፣ የረዳቸውም ጥቂት ነው። ለዚያ ዕጣ ሦስት ወጣት ይገኝ ነበር።

ከጎደለችው ኮከብ ግማሿ የሄደችው በዚህ ነው። በ2025 ሂሳቡ መጣ። ላረሚ ተንሲልንና ዲቦ ሳሙኤልን ተጨማሪ አመጡ፣ እነዚያኑ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይዘው ቀጠሉ፤ ኤክለር ገና በሁለተኛው ሳምንት የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፣ ዳንኤልስ በጉልበትም በክንድም ተጎድቶ ብዙ ግጥሚያ አመለጠው። 5 ለ 12 ጨረሱ። የ2024ን ያበላሸዋል ወይ ብትሉኝ፣ አያበላሸውም። አረጋውያኑ የተቀጠሩት ወጣቶቹን አስተምረው ለመሄድ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት በቦታቸው የሚተካ ወጣት በቁጥር አለመዘጋጀቱ ነው ጥፋቱ። ፒተርስ ይህን እንዲያስተካክል ከልቤ እመኛለሁ፤ እንደሚችልም አምናለሁ፣ የ2024ን የሠራ እጅ ነውና።

ግማሿ ደግሞ የሄደችው ለቦታው ነው። ኖርዝዌስት ስታዲየም የሚባለው ላንዶቨር፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለው ነው፤ በ1997 ተከፈተ። አንድ ጊዜ ከ90,000 በላይ ሰው ይይዝ ነበር፣ ወንበር እየተነሣ አሁን ከ65,000 በታች ወርዷል። የስናይደር ዘመን ሲያልቅ ብዙ ጥገና ተደርጎለታል፣ ይታያልም። ቦታውን ግን ጥገና አያነሣውም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ሜትሮ ሴንተር ወርዳችሁ ሰማያዊውን ወደ ሞርጋን ቡልቫርድ ትይዛላችሁ፤ ከጣቢያው ወደ ስታዲየሙ አንድ ማይል ያህል በእግር ነው። ሕፃን ለያዘች እናት ወይም ጉልበት ለሚያማቸው እናትና አባቶቻችን ይከብዳል። መኪና የምትወስዱ ከሆነ የማቆሚያውን ፈቃድ ቀድማችሁ በስልካችሁ ግዙ፣ ለመውጣትም ታገሡ። እኛ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ መኪናው አጠገብ ቆመን ቆሎ እየቆረጠምን ሰዉን እናሳልፋለን።

ለሐበሻ ቤተሰብ የሚጠቅም ሌላም አለ። መዳፍ ከምታክል ትንሽ ቦርሳ በቀር የሚገባው የሚያሳይ ፕላስቲክ ብቻ ነው፣ ከ12 በ6 በ12 ኢንች የማይበልጥ፤ ትልቅ የእጅ ቦርሳችሁን ቤት ተዉት። አብዛኛው የእሁድ ግጥሚያ በ1 ሰዓት ከሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ለመድረስ ትቸኩላላችሁ፣ ስለዚህ የ4:25 ወይም የማታ ግጥሚያ ምረጡ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ጾም ስለሆነ ውስጥ የምታገኙት የድንች ጥብስና መሰሉ ነው፤ በልታችሁ ሂዱ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ሰዉ ከግጥሚያው በፊት ከሰል አቀጣጥሎ ይጠብሳል። የእኛ ልጆች ጥብስና የጀበና ቡና ይዘው ሲመጡ ጎረቤት መኪና ያለው ሁሉ ጠጋ ይላል፤ ከስታዲየሙ ውስጥ ይልቅ ሰው የምትተዋወቁት እዚያ ነው።

ዋጋው እንደ ተጋጣሚው ነው። ዳላስና ፊላደልፊያ ሲመጡ ትኬቱ ይንራል፤ ግማሹ ስታዲየም ደግሞ የእንግዳውን ማሊያ ለብሶ ስለሚመጣ ለልጅ የመጀመሪያ ቀን አይመችም። ካሮላይና ወይም ቴኔሲ ዓይነት ቡድን የሚመጣበትን ቀን ያዙ። ወንበር ስትመርጡ ታች ጎል ጥግ ከመቀመጥ ላይ፣ በ400ዎቹ ክፍሎች መሐል ሜዳው ትይዩ ያለውን ግዙ። ርካሹ እሱ ነው፤ ማን ከማን ጎን እንደቆመ፣ መስመሩ እንዴት እንደሚዞር ሙሉውን የምታዩትም ከዚያ ነው። አዲሱ ስታዲየም በድሮው አርኤፍኬ ቦታ፣ ዲሲ ከተማ ውስጥ ሊሠራ የከተማው ምክር ቤት በ2025 አጽድቋል፤ የታቀደውም ለ2030 ነው። ስታዲየም አርመሪ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ እዚያው ስላለ ያ የአንድ ማይል መንገድ ይቀራል። እስከዚያ ላንዶቨር ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሡ በ1 ሰዓቱ ግጥሚያ ቀን ከጠዋቱ 10:30 ሳታልፉ ባቡር ያዙ።